የታሪክ ማስታወሻ፦ አንድ ስክሪን፣ ብዙ ክፍል

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ከሐረር ጀጎል ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ይደርሳል።

ፈረስ መጋላ በአንድ ዘመን ፈረስ የሚሸጥበት ቦታ ነበር። ኋላ ግን አደባባዩን ባጃጁና ታክሲው ወረሰው። እዚህ ቆሞ ሱሪ ላሰፋ የሚል ሰው ግን እዚያው አይሰፋለትም፤ «መኪና ግርግር» ወደምትባለው መንገድ መታጠፍ አለበት። በጠባቧ መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ይሠራሉ። እሷን አልፎ የሄደ ጊዲር መጋላን ያገኛል፤ ያ ደግሞ ሌላ ገበያ፣ ሌላ ጫጫታ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው፤ ነባር በሮቹም አምስት ናቸው። በዚህ ጥበት ውስጥ ሥራ ሁሉ አንድ አደባባይ ላይ ቢከመር ኖሮ ማን ከማን ጋር እንደሚገበያይ አይለይም ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ኮምፒውተር ላወራ ነው። ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ግቡ። ጸሐፊዋ በዎርድ ማመልከቻ እየጻፈች ነው። በፎቶሾፕ የሌላ ባለጉዳይ ጉርድ ፎቶ ተከፍቷል። ቴሌግራም አይዘጋም፤ ፋይሉ ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነውና። የዱቤው መዝገብ በኤክሴል አለ። ደንበኛው «የኔስ ደረሰ?» ሲል፣ እሷ መስኮቱን ከመስኮት ሥር ትፈልጋለች። ኮምፒውተሩ አልደከመም፤ ቦታው ነው የጠበበው።

ልክ ይህንኑ ችግር በፈረንጆች 1986 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች በወረቀት አሰፈሩት። ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ ይባላሉ፤ ሁለቱም ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ ነበር። ካርድ ቀደም ሲል ማውስ ከሌሎች መጠቆሚያዎች ይልቅ ፈጣን መሆኑን በሙከራ የለካ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የእኛ ጽሕፈት ቤቶች በታይፕራይተር ነበር የሚንጣጡት።

የሁለቱ ሰዎች ትልቁ ነገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የሠሩት ፕሮግራም ሳይሆን ያስተዋሉት ጠባይ ነው። ሰው አንድ ሥራ ሲይዝ ደጋግሞ የሚነካቸው መስኮቶች ጥቂት ናቸው። ሥራውን ሲቀይር ደግሞ እነዚያ ባንድነት ይረሱና ሌሎች በቡድን ይፈለጋሉ። ተመራማሪው ፒተር ዴኒንግ በፈረንጆች 1968 ስለ ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ያስረዳው ባሕርይ ይኸው ነበር፤ ፕሮግራምም በአንድ ወቅት የሚጠቀመው ከመረጃው ጥቂቱን ነው፤ ያ ጥቂቱ ቦታ ካጣ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ዕቃ በማመላለስ ጊዜውን ይጨርሳል። ሄንደርሰንና ካርድ ይህን ከማሽኑ አንሥተው በሰውየው ላይ አዋሉት። ስለዚህ መስኮቶቹን በዓይነታቸው ሳይሆን በሥራቸው ለዩአቸው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክፍል።

ፕሮግራሙን «ሩምስ» አሉት። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግሩ በሮች ነበሩት። ሁሉንም ክፍሎች አሳንሶ ባንድ እይታ የሚያሳይ ገጽም ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ግን «ኪስ» ያሉት ነገር ነው። እንደ ሰዓት ያለ መስኮት ኪስ ውስጥ ከገባ፣ ሰውየው የትኛውም ክፍል ቢገባ አብሮት ይገባል።

ሄንደርሰንና ካርድ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በፈረንጆች 1985 የወጣው አሚጋ ኮምፒውተር በርካታ ስክሪኖችን ደራርቦ መያዝ ይችል ነበር። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ዩኒክስ ዓለም ተሻገረ፤ ቶም ላስትሬንጅ በፈረንጆች 1990 «ኤስዳብሊውኤም» የተባለውን የመስኮት አስተዳዳሪ ሲያቀርብ «ቨርቹዋል ዴስክቶፕ» የሚለው ስም በውስጡ ነበር። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ለዓመታት ሲገለገሉበት ኖሩ። አፕል «ስፔስስ» ብሎ ያመጣው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 15 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሚሊኒየማችንን ከተቀበልን ወር ከግማሽ እንኳ አልሞላም። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ዊንዶውስ ግን በእኛው አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 እስኪወጣ ድረስ ለተራው ተጠቃሚ ግልጽ አድርጎ አልሰጠውም። ከወረቀቱ እስከዚያ 29 ዓመት! ለትልቅ ኩባንያ ይህ ስንፍና ነው ብል አላጋነንኩም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና ታብን አብራችሁ ስትጫኑ ክፍሎቻችሁ ይታያሉ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ዲ አዲስ ክፍል ይከፍታሉ፤ በዲ ፈንታ የግራና የቀኝ ቀስት ቢሆን ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ለጸሐፊዋ ሦስት ይበቃታል፤ አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ለሒሳብ። በ2012 ዓ.ም. ከወጣው እትም ወዲህ ለእያንዳንዱ ስም መስጠት ይቻላል፤ በአማርኛም ይጻፋል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ያላያችሁት ክፍል አልተዘጋም። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ማኅደረ ትውስታ መብላቱን አይተውም፤ 4 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ በዚህ አይፈጥንም። ደግሞም ቁልፍ የለውም። የባለጉዳይን መታወቂያ ሌላ ክፍል ውስጥ ማኖር መደበቅ አይደለም፤ ቀስቱን የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል።

የሄንደርሰንና የካርድ ኪስስ የት ሄደ? አለ። ዊንዶውስንና ታብን ተጭናችሁ በቴሌግራሙ መስኮት ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ንኩ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መስኮቱን በሁሉም ዴስክቶፖች ላይ አሳይ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ ፎቶም ትሠራ ሒሳብም ትጻፍ፣ ደንበኛው የላከላትን ፋይል ለማየት ክፍሏን መልቀቅ የለባትም።