ይሆናል፣ ይችላል፣ አለበት፦ ረዳት ግሥና ተውሳከ ግሥ በአማርኛ

በአማርኛ የአንድን ድርጊት ዕድል፣ ግዴታነት ወይም የተናጋሪውን እርግጠኝነት የሚያመለክቱ ረዳት ግሦች ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋሉ። አብረዋቸው የሚሄዱት ተውሳከ ግሦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍቱታል። «ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል» ሲባል ጥርጣሬው በ«ምናልባት» ተጀምሮ በ«ይሆናል» ያልቃል። አድማጭ የተናጋሪውን አቋም የሚረዳው ሁለቱን አጋጥሞ ነው።

ረዳቱ መጨረሻ ላይ የመቀመጡ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ግእዝ ግሡን ማስቀደም ይቀናዋል፤ አማርኛ ግን ግሡን ለመጨረሻ ያቆያል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ለውጥ አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር ለዘመናት ከኖረው ጉርብትና ጋር ያያይዙታል። ጉርብትናው ዛሬም በዓይን የሚታየው በዋግ ኽምራ ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ኽምጣኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ። ኽምጣኛ ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና ከብሊን ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ሲሆን፣ ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ በ1987 ስለ ሰዋስዉ ጽፈዋል። ኽምጣኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ዝናብ በሚያጥርበት በዋግ ኽምራ የዕድል አነጋገር ከሁሉ በላይ የሚሠራው በሰማይ ላይ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ «ሊዘንብ ይችላል» ይላል፤ አይሆንም አላለም፣ ይሆናልም አላለም። «ይዘንብ ይሆናል» ከዚያ ትንሽ ይጠጋል፣ «የሚዘንብ ይመስላል» ደግሞ ደመና ወይም ነፋስ ምስክር አድርጎ ነው። «ሳይዘንብ አይቀርም» ከግምቶች ሁሉ የበረታው ነው፤ ሁለት አሉታ ተደራርበው እርግጠኛ ወደ መሆን ያደርሳሉ። ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ ያየ ሰው «ደጋው ላይ ሳይዘንብ አልቀረም» ይላል፤ ግምቱ ካየው ነገር ተነሥቶ ወዳላየው ይሄዳል። «ዘንቦ መሆን አለበት» ቢልም ያው ነው። የግዴታው «አለበት» እዚህ ማንንም አያስገድድም፣ የእንግሊዝኛው «ማስት» ለግዴታም ለግምትም እንደሚያገለግለው ማለት ነው።

ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተውሳከ ግሥ ሲጨመር ምን ይሆናል? እንግሊዝኛን ያጠኑ ሰዎች ጥያቄውን ቀድመው አንሥተውታል። ጆን ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ሊዮ ሆይ ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያሳዩት፣ «ሜይ» እና «ፖሲብሊ» አብረው ሲመጡ ጥርጣሬው እጥፍ አይሆንም፤ እኩል ክብደት ስላላቸው እንደ አንድ ጥርጣሬ ይሰማሉ። «ምናልባት ይመጣ ይሆናል»ም እንዲሁ ነው። ክብደታቸው ሲለያይ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። «ምናልባት ሳይመጣ አይቀርም» የሚል ሰው ጠንካራውን ግምት አለዝቦ ነው የተናገረው፤ ይህ አነጋገር በየዕለቱ ይሰማል፣ ስሕተት ነው ማለትም ይከብዳል። «በእርግጥ ይመጣ ይሆናል» ሲባል ደግሞ እርግጠኝነቱ ይጠፋና «በእርግጥ» ለተከራካሪ የተሰጠ ይሁንታ ይሆናል፤ አድማጩም ወዲያው «ግን» የሚለውን ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «አለበት» ነው። ቃሉ «ዕዳ አለበት» ከሚለው ጋር አንድ ስለሆነ ግዴታን እንደ ዕዳ በሰው ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህም አለብኝ፣ አለብሽ፣ አለባቸው እያለ በባለዕዳው ይለዋወጣል፤ «ማስት» ግን ለማንም አይለወጥም። ችግሩ የሚመጣው በአሉታ ነው። «መሄድ የለብህም» ብዙ ጊዜ ክልከላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ግዴታ አለመኖሩን ብቻ ይናገራል። እንግሊዝኛ ለክልከላው «ማስት ኖት»፣ ለነፃነቱ «ዶንት ሃቭ ቱ» ብሎ ለይቶታል። አማርኛ የሚለየው «የግድ»ን በመጨመር ነው፦ «የግድ መሄድ የለብህም» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ብትሄድም ባትሄድም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአንድ አዛውንት «አባባ፣ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ መውሰድ የለብዎትም» ብትላቸው ከልክላቸዋለች። «የግድ በባዶ ሆድ መውሰድ የለብዎትም» ካለቻቸው ግን ምርጫውን ለእርሳቸው ትታለች። መልእክቱን የገለበጠችው አንዷ ቃል ናት፤ እንዲህ ያለውን ምክር የሚተረጉም ሰው «የግድ»ን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ቢዘላት ጉዳቱ የከፋ ነው። በዚህ ላይ «በግድ» የሚባል መንትያ አላት። «የግድ ይሄዳል» መሄዱ የማይቀር መሆኑን ሲናገር፣ «በግድ ይሄዳል» ሳይወድ ተገዶ መሄዱን ይናገራል።

«መቼም» ሌላ ዓይነት ነው። «መቼም ሳትሰማ አትቀርም» ሲባል ተናጋሪው የአድማጩን ስምምነት አስቀድሞ ወስዷል። ከአሉታ ጋር ሲሆን ግን «መቼም አይመጣም» ሁለት መንገድ አለው፤ ሳይቆሙ ካሉት እስከ ዘላለሙ አይመጣም ማለት ነው፣ ከ«መቼም» በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ከተወሰደ ደግሞ ያው እንደምታውቀው አይመጣም ይሆናል። በጽሑፍ ላይ ልዩነቱን የሚያድነው ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

ሕግ ውስጥ ያለው «ይሆናል» ከዚህ ሁሉ ይለያል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ የሚያደርገው በ«ይሆናል» ነው፤ ይህ «ይሆናል» በእንግሊዝኛው ቅጂ «ሻል» ነው። ከስም በኋላ የመጣ «ይሆናል» ይደነግጋል፣ «ይመጣ» እና «ይዘንብ» ከመሰሉ ግሦች በኋላ የመጣው ይጠራጠራል። ፊቱ ላይ «ምናልባት» ቢገባበት ግን ድንጋጌውም ጥርጣሬ ይሆን ነበር።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ያለው ይህ ልዩነት እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆችንም ይነካል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀምጦታል። ለዋግ ኽምራ ብዙ ልጆች እንግሊዝኛ ከኽምጣኛና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ የሚሳሳቱት በዘፈቀደ አይደለም፤ ስሕተታቸው የአማርኛውን ዐጥንት ያሳያል። «መሄድ አለበት» ውስጥ «መሄድ» ራሱን የቻለ ስለሆነ «ሂ ማስት ቱ ጎ» ይላሉ። «ነገ መምጣት ይችላል» ውስጥ ያለው «ይችላል» ለዛሬም ለነገም ስለሚሆን «ነገ»ን ለማስገባት «ዊል ካን» ይላሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ሁለት ረዳቶችን እንዲህ አያጎራብትም። ተውሳከ ግሡንም ሁልጊዜ ፊት ያደርጉታል፣ እንግሊዝኛው ከረዳቱ ቀጥሎ «ዊል ፕሮባብሊ ካም» ማለትን ቢመርጥም። በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ አማርኛው ነው የሚተርፈው፦ «ምናልባት ከመጣ» ብሎ ጥርጣሬን በ«ከ» ውስጥ ማስገባት ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አይከብድም። እንግሊዝኛ በዚያ ቦታ «ሜይቢ»ን አይወድም፤ ለዚያ «ሹድ»ን ወይም «ኢን ኬስ»ን ይጠራል።