ከእንዶድ ሥር እስከ ፓስተር፦ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች



ከጥቂት ዓመታት በፊት ሪራ አካባቢ የአንድ ልጅ ጀናዛ ላይ ተገኝተን ነበር። ልጁ አሥር ዓመት አልሞላውም። ከሁለት ወር በፊት ከብት ሲያግድ ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ባቱን ነክሶት ነበር። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር በሳምንቱ ደረቀ። ቤተሰቡ የሚያውቁት አዋቂ ጋ ሄደው ሥር አስጨምቀው አጠጡት፤ እኛ ደግሞ ተጠርተን ሩቅያ ቀራንበት። ሁላችንም ዳነ ብለን ረሳነው። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ውሃ አልጠጣም አለ። ጣሳው ወደ አፉ ሲቀርብ ጉሮሮው ይታነቅ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳነቴን አሻግረው ጎባ ሲያደርሱት ሐኪሙ ለአባትየው የነገረው አጭር ነው፦ መምጣት የነበረባችሁ በተነከሰ ቀን ነበር።

ከቀብር ስንመለስ አንድ ሽማግሌ አባታችን ወደኛ ዞረው «እናንተ ልጆች፣ ዕድሜ ልካችሁን ኪታብ ትቀራላችሁ። ይሄን በሽታ ኪታባችሁ አያውቀውም?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ዕዳ ነው።

ኪታቡስ ያውቀዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ ሊገድላቸው ከተፈቀዱት አምስት እንስሳት አንዱ «ከልቡን ዐቁር»፣ ማለትም ተናካሹ ውሻ ነው። ጥማተኛ ውሻ ላጠጣ ሰው የአላህን ምሕረት ያበሰሩት ነቢይ ናቸው ይህንንም የተናገሩት፤ ሁለቱን ሐዲስ አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ዐረቦቹ ለበሽታው «ከለብ» የሚል ስም ነበራቸው። በጃሂሊያ ዘመን የንጉሥ ወይም የትልቅ ሰው ደም ጠብታ ከዚህ በሽታ ያድናል ብለው ያምኑ ነበር። አል-ጃሒዝ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሒጅራ በጻፈው «ኪታቡል ሐየዋን» ስለ ውሻና ስለ በሽታው በሰፊው አትቷል። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና ደግሞ «አል-ቃኑን» በተባለው ኪታቡ አራተኛ ክፍል ስለ እብድ ውሻ ንክሻ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ከቀደምት ሐኪሞች ተቀብሎ ያስተላለፈው አንድ ምክር ቁስሉ ቶሎ እንዲገጥም አትተዉት የሚል ነው። እነሱ ቫይረስ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ግን መርዙ በቁስሉ ገብቶ ቆይቶ እንደሚነሳ ገብቷቸዋል። ዛሬም ሐኪም የውሻ ንክሻን ወዲያው አይሰፋም።

እኛ ግን የልጁ ቁስል ቶሎ መግጠሙን እንደ መዳን ቆጠርነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በኦሮምኛ «ዱኩባ ሳሬ መራቱ» እንላለን፤ በአማርኛ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት መሆኑ ሁሉም አካባቢ በሽታውን ከጥንት በዓይኑ እንዳየው ያሳያል። የአዲስ አበባው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1903 በምኒልክ ዘመን ተመዝግቧል። በየአገሩ የነበረው መድኃኒት ሥርና ቅጠል ነው። እንዶድ፣ የምድር እምቧይ፣ ብሳና በብዙ ቦታ ለዚህ በሽታ የተሰጡ ናቸው። አዋቂዎቹ መድኃኒቱን ሰውረው ይይዙታል፤ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። «እሳቸው ጋ ሄዶ የሞተ የለም» የሚባልላቸው አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ በሽታው አይዘውም፤ ውሻው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ያበደም ቢሆን ሁሉም ንክሻ በሽታውን አያስተላልፍም። ስለዚህ አሥር ሰው ሥር ጠጥቶ ዘጠኙ ቢድን ዘጠኙን ያዳነው ሥሩ ነው ይባላል፤ አሥረኛው ደግሞ ዘግይቶ መጣ ይባላል። አዋቂው እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ያየውን ነው የሚያምነው። እንዶድ ራሱ ግን መርዝነት አለው፤ መጠኑ ከበዛ ይጎዳል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ መጣለት፤ ብዙ ቦታ ተነክሷል። ፓስተር በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ሰረሰር እያደረቀ ያዳከመውን ነገር በተከታታይ ቀናት ወጋው፤ ልጁ ዳነ። ነገሩ የሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። በሽታው ከቁስሉ ወደ አንጎል የሚሄደው በነርቭ በኩል በዝግታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴ ከሳምንት እስከ ዓመት ይፈጃል። ክትባቱ በዚያ መሀል ቀድሞ ሰውነትን ያዘጋጃል። አንጎል ከደረሰና ውሃ መፍራት ከጀመረ ግን እስከ ዛሬ ዓለም ላይ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የሪራው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ጊዜ ነበረው።

በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተከፈተ፤ በ1964 የማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ተቋም ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም ነው። ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀየርም ሕዝቡ ሠፈሩን እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው የሚለው። ለአሥርት ዓመታት እዚያ የሚዘጋጀው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል። አንድ የሪራ ገበሬ ሳነቴን አቋርጦ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ያን ሁሉ ቀን የሚያድርበት ፈልጎ፣ ከብቱን ለማን ትቶ? ሥር የሚጨምቀው አዋቂ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወላጆቻችንን አላዋቂ ከማለታችን በፊት ይህን ስሌት እናስበው። አሁን ያለው ክትባት ሌላ ነው፤ ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ አራት ወይም አምስት መርፌ ነው።

በረመዷን ቢሆንስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀን ነው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባደረገው ጉባኤ ምግብ ያልሆነ የሕክምና መርፌ ጾም አያስፈታም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ መርፌውን ለዒድ ማሳደር የለም።

ባሌ ላይ የዚህ በሽታ ታሪክ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው፣ የሚገርመው፣ በሰው ሳይሆን በቀይ ቀበሮ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ የምትወልድ ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ይጠብቃል ስለሚባል ነው። ዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ እኛ ተራሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ አጥኚዎች ከሚከታተሏቸው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በዚያን ጊዜ ተራሮቹ ላይ የነበረው ተመራማሪ ክላውዲዮ ሲሌሮ ነው፤ በ1995 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተመሠረተ፣ ውሾችን መከተብም ተጀመረ። በ2003 ዌብ ሸለቆ ላይ ዳግመኛ ተነሳ፤ በሽታውን ያመጣው ከከብት ጋር የመጣ ውሻ ነው። የሸለቆው ቀበሮ አሁንም ከአራቱ ሦስት እጅ ጠፋ። ያኔ ሸለቆውን ከሌሎቹ ቦታዎች በሚያገናኘው መተላለፊያ ላይ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ፤ በሽታው እዚያው ቆመ። በ2008 እና በ2014 ተመለሰ። ከ2018 ወዲህ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርገው ሌሊት በፈረስ እየዞሩ ያበሏቸዋል።

አንዳንድ ሰው «ለቀበሮ ይሄን ያህል!» ሲል እንሰማለን። ቅሬታው ይገባናል፤ የሞተውን ልጅ እናት አይተናል። ነገር ግን ቀበሮውን የገደለው ውሻ የእኛው ውሻ ነው። በዚያው ሰበብ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የመንደር ውሾች ይከተባሉ፤ ከመቶ ሰባ ያህሉ ውሻ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ ባለሙያዎቹ።

እዚህ ላይ የእኛ የመድረሳ ሰዎች ጥፋት አለ። ከብት ለመጠበቅ ውሻ መያዝ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ ጅብ ባለበት ሪራ ውሻ የሌለው በረት የለም። ነገር ግን በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ስለሆነ ሰዉ አይነካውም፤ የክትባት ቀን ሲመጣ የሚይዘው ባለቤት ይጠፋል። እኛም «ነጃሳ ነው» ብለን አስተምረን ቀሪውን ሳናስተምር ቀረን። ደረቅ እጅ ደረቅ ውሻን ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም። በገመድ መያዝም ይቻላል። ቢረጥብ ደግሞ መታጠብ አለ። ይህን በአንድ ጁሙዓ ኹጥባ መናገር ይቻል ነበር።

ሌላው ስለ አፈር ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ይታጠብ የሚለውን ሐዲስ ይዘው የተነከሰ ቁስል ላይ አፈር የሚያሹ አይተናል። ሐዲሱ ስለ ዕቃ ነው። በተከፈተ ቁስል ላይ አፈር መንጋጋ ቆልፍ ያስገባል። ኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» ላይ በመዝሀቡ የበረታው አፈር መሆኑን ያሳዩናል፤ ሳሙና ይተካዋል የሚለው ቃልም እዚያው መዝሀብ ውስጥ አለ። ጉዳት ባለበት ቦታ ደግሞ ዲናችን ገር ነው። ለቁስሉ የሚያስፈልገው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው፤ ሳያቋርጡ ለ15 ደቂቃ። ቀጥሎ አዮዲን ወይም አልኮል። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ አይደረግበትም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም፤ ለእብድ ውሻውም ለመንጋጋ ቆልፍም ክትባት ይጠየቃል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ጠይቁ። ውሻው ከታወቀ ቶሎ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ በጤና ከቆየ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ መንገድ ላይም ይቀራል።

ባለፈው ወር አንድ ደረሳችን ወደ ፈጅር ሲመጣ እጁን ተነከሰ። የመስጂዱ ቧንቧ ሥር አስቀምጠን በሳሙና አጠብነው። አንደኛው ጤና ተቋም ክትባት አልቋል አለን፤ ሁለተኛው ላይ በዚያው ቀን አገኘን። ያንን ጥያቄ የጠየቁን ሽማግሌ የትራንስፖርቱን ከኪሳቸው ሰጡ። ሦስቱን መርፌ ጨርሷል፤ አራተኛው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከሪራ ወደ ጎባ የሚወጣ መኪና ያለው ወንድም ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልን።

ወሏሁ አዕለም።