የፈትል መዘውር የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው?

በኢንዱስትሪ በገሠገሡት አገሮች ለእንጀራው ሳይሆን ለትርፍ ጊዜው ደስታ ሲል ብቻ በእጁ ክር የሚፈትል ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው የፈትል መዘውር ሊገዛ ሲወጣ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በእንጨቱ ወዝ፣ በመንኮራኩሩ ቅርጽና በዋጋው ላይ ነው። በእርግጥ የሚገዛው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አንደኛው ፍጥነትን የሚያበዛ ዘዴ፣ ሁለተኛው የከረረውን ክር የሚጠቀልል ዘዴ ነው። የቀረው ሁሉ ማቆሚያና ጌጥ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የእነዚህን የሁለቱን ታሪክ ያላወቀ ገዢ ለበግ ጠጕር የተሠራውን መሣሪያ ለጥጥ ገዝቶ፣ ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ወራት ሲደክም ሊኖር ይችላል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ እንዝርት ነው። የአገራችን ፈታይ ባዘቶዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን በጭኗ ላይ በመዳፏ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ክሩ ከከረረ በኋላ ሥራውን ገታ አድርጋ በዘንጉ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ ልቃቂቱ የሚያድገውም እንዲህ እየሆነ ነው። በዘንጉ ላይ ያለው ክብ ማክበጃ የተሰጠውን ዙረት ለጥቂት ጊዜ ይዞ ያቆያል። ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ማሰብ ያስቸግራል፤ የሚወጣውም ፈትል ለቀጭን ሸማ ይበቃል። ጉድለቱ እጅ እየደጋገመ ማሽከርከሩና ማክረርና መጠቅለል በየተራ መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ እንዝርቱን አጋድሞ በሁለት መደገፊያ ላይ ማስቀመጥና በቺንጋ ከትልቅ መንኮራኩር ጋር ማያያዝ ነበር። እንዲህ ያለው መዘውር እ.ኤ.አ. በ1237 በባግዳድ በተሣለ ሥዕል ላይ ይታያል፤ በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በቻይናም ተሥሏል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 60 ሴንቲ ሜትር፣ የእንዝርቱ ፑሌጃ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጅ አንድ ጊዜ ሲያዞር እንዝርቱ 60 ጊዜ ይዞራል።

አውሮፓ ይህን መሣሪያ በጥርጣሬ ተቀበለችው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በጀርመን አገር በሽፓየር ከተማ የወጣ ደንብ በመዘውር የተፈተለ ክር ለማግ እንዲውል ፈቅዶ ለድር ግን ከልክሏል። ነገሩ እልከኝነት ብቻ አይደለም። ድር ተወጥሮ ሲጎተት የሚውል ስለሆነ ወጣ ገባ ያለበት ክር እዚያ ላይ ይበጠሳል፤ የማግ ጉድለት ግን በሽመናው ውስጥ ይሸፈናል። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የጥራት ደንብ ተከትሎት መምጣቱ የዘመናችን ፈሊጥ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ለውጥ ክንፉ ነው። የፈረስ ኮቴ ብረት የመሰለው ይህ ክንፍ የክር ማጠንጠኛውን ከበቦ በአንድ ዘንግ ላይ ይዞራል። ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ሲዞሩ ክሩ ይከርራል እንጂ አይጠቀለልም፤ አንዱ ከሌላው ሲዘገይ ግን ልዩነቱ ክሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህን ልዩነት ለማግኘት ማጠንጠኛውን በፍሬን መያዝ፣ ወይም ክንፉን በፍሬን መያዝ፣ ወይም ሁለቱን እኩል ባልሆኑ ፑሌጃዎች ማሽከርከር ይቻላል። ዛሬ ገዢው በሻጭ ፊት የሚያገኛቸው ምርጫዎች እነዚሁ ናቸው። ፈጣሪው የብራውንሽቫይጉ ዩርገን በ1530 ነው የሚለው ወግ አይጸናም፤ በ1480 ገደማ በተዘጋጀ የጀርመን የሥዕል መጽሐፍ ላይ ክንፉ አስቀድሞ ይታያልና። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺም ክሩን በማጠንጠኛው ላይ እኩል የሚያዳርስ ክንፍ ነድፏል። በኋላ የእግር መርገጫ ሲጨመርበት የፈታዩ ሁለት እጆች ነጻ ወጡ። አርክራይት በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘበት በውሃ ኃይል የሚሠራው መፍተያም ይህንኑ ክንፍ ይዞ ወደ ፋብሪካ ገባ፤ የቤቱም መዘውር ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ሥራ ፈት ሆነ።

ባለ ክንፉ መዘውር በአውሮፓ ያደገው በተልባ እግር ክርና በበግ ጠጕር ላይ ነው። የሁለቱም ጭረት ረጅም ስለሆነ ብዙ መክረር አይሻም። የጥጥ ጭረት ግን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ 20 ቍጥር የሚባለው የጥጥ ክር በአንድ ሴንቲ ሜትር 7 ያህል ዙር ይፈልጋል፤ በአንድ ሜትር 700 መሆኑ ነው። ማባዣው 10 በሆነ መዘውር ፈታዩ ለአንድ ሜትር ክር 70 ጊዜ ይረግጣል፤ ማባዣው 70 በሆነ መዘውር ግን 10 ጊዜ ቢያዞር ይበቃዋል። በዚህም ላይ ክንፉ ገና ያልጠናውን ቀጭን የጥጥ ክር እየሳበ ይበጥሰዋል። የእጅ ጉድለት የሚመስለው ነገር ብዙውን ጊዜ የፑሌጃ ጉድለት ነው።

ይህ ጥያቄ ከመዝናኛነት አልፎ የእንጀራ ጉዳይ የሆነው በሕንድ ነበር። ጋንዲ የሚመሩት የመላ ሕንድ ፈታዮች ማኅበር በ1929 ለተሻለ መዘውር ፈልሳፊ 100,000 ሩፒ ሽልማት አወጀ። መሣሪያው ቀላልና ተንቀሳቃሽ፣ በገጠር ጎጆ በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ፣ አንዲት ሴት 8 ሰዓት ብትሠራበት የማያደክማት፣ ዋጋው ከ150 ሩፒ የማይበልጥ፣ እየተጠገነም 20 ዓመት የሚያገለግል እንዲሆን ተጠየቀ። ለሽልማቱ የበቃ ሰው አልተገኘም። የሚያስደንቅም አይደለም፤ ምርቱን ለማብዛት እንዝርቶቹን ማብዛት ያስፈልጋል፤ እንዝርት ሲበዛ ጥርሱና ማያያዣው ይበዛል፤ ያን ጊዜ የመንደሩ አናጢ ሊጠግነው አይችልም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ጋንዲ በየርዋዳ እስር ቤት በነበሩበት ጊዜ የወጣው ባለ ሣጥኑ መዘውር ግን ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ጥቂቱን ብቻ መርጦ መለሰ። ትልቁ መንኮራኩር ትንሹን፣ ትንሹም እንዝርቱን ስለሚያዞር ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ለምሳሌ 6 በ12 ቢባዛ 72 ይሆናል። ክንፍ የለውም፤ ታጥፎ በእጅ ይያዛል።

በዛሬ ገበያ የሚበዛው ግን የአውሮፓው ዘር ነው። በኒው ዚላንድ በ1934 የተመሠረተው የአሽፎርድ ድርጅት በ1960ዎቹ የእጅ ፈትል ሲያንሠራራ ያወጣው ባለ አንድ መርገጫ መዘውር በብዙ አገር ፈታዮች ቤት ይገኛል፤ ለበግ ጠጕርም መልካም መሣሪያ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከእሳት ምድጃ አጠገብ ለጌጥ እንዲቆሙ ብቻ የተሠሩ፣ ከቶ ፈትለው የማያውቁ መዘውሮች እንዳሉ ማወቅ አለበት። መለየቱ አያስቸግርም። በመንኮራኩሩና በክንፉ ላይ በጠመኔ አንዳንድ ምልክት አድርጎ፣ መንኮራኩሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ክንፉ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቍጠር ነው። 6 ከሆነ ለወፍራም ሱፍ፣ 15 ከሆነ ለቀጭን ሱፍ ይስማማል። ጥጥ ለመፍተል የሚፈልግ ሰው ግን 20 እንኳ ቢቈጥር ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሣጥኑን መዘውር ወይም እንዝርትን ቢያይ ይሻለዋል።