የቡል ጎዳናው የቸኮሌት ሱቅ

በ1824 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ካድበሪ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ፣ ቡል በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ ከፈተ። ሻይና ቡና ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ ጋር ራሱ በሙቀጫ እየወቀጠ የሚያዘጋጀው ካካዎና የሚጠጣ ቸኮሌትም ነበረው። ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ካፌ ገብተን «ሆት ቸኮሌት» ብለን የምናዘው መጠጥ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ የደረሰው እንዲህ ባሉ ሱቆች በኩል ነው።

ካድበሪ «የወዳጆች ማኅበር» ወይም በተለምዶ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። ኩዌከሮች አይምሉም፤ ጦር አያነሡም። በዚያን ጊዜ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ለማይቀበል ሰው ዲግሪ አይሰጡም ነበርና ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ንግድ አዞሩ። የብሪስቶሎቹ ፍራዮች፣ የዮርኮቹ ራውንትሪዎችና የበርሚንግሃሞቹ ካድበሪዎች ሦስቱም የታወቁ የቸኮሌት ነጋዴዎች፣ ሦስቱም ኩዌከሮች ናቸው። ሠራተኛው ደመወዙን በጂንና በቢራ ሲጨርስ ያዩ ሰዎች ስለነበሩ፣ የማያሰክር ትኩስ መጠጥ መሸጥ ለእነርሱ ከእንጀራም በላይ ነበር።

ቸኮሌት ግን በባሕርይው ጨዋ መጠጥ አልነበረም። ለንደን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1657 ሲሆን፣ ዋጋው ውድ ስለነበር የሚጠጡት ባለጠጎች ብቻ ነበሩ። በ1693 አንድ ጣሊያናዊ የከፈተው «ዋይትስ» የሚባል የቸኮሌት ቤት ብዙ ሳይቆይ መኳንንት ርስታቸውን ቁማር ላይ የሚያጡበት ስፍራ ሆነ። ኩዌከሮቹ ይህንኑ ሲኒ አንሥተው ለሌላ ዓላማ አዋሉት።

ጣዕሙን ዛሬ ብንቀምሰው ደስ ይለን ነበር? እጠራጠራለሁ። ከካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ በሙቅ ውኃ ሲበጠበጥ ቅባቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ነጋዴዎች ይህን ለመሸፈን የድንች ዱቄትና ሌላም ማወፈሪያ ይጨምሩበት ነበር። የጆን ልጅ ጆርጅ በኋላ እንደመሰከረው፣ ከድርጅታቸው መጠጥ አንዱ ውስጥ ካካዎው አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። (ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።) ሆላንዳዊው ቫን ሃውተን ቅባቱን ጨምቆ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበርና፣ ወንድማማቾቹ ሪቻርድና ጆርጅ ካድበሪ መሣሪያውን ገዝተው በ1866 ምንም ያልተቀላቀለበት ካካዎ ለገበያ አቀረቡ። ንጹሕነቱን ማስታወቂያቸው አደረጉት፤ ገበያውም ደራ። በ1879 ፋብሪካቸውን ከከተማው ጭስ አውጥተው ቦርንቪል ወሰዱት፤ በዚያም ለሠራተኛው መጫወቻ ሜዳ፣ ቆይቶም ባለ አትክልት ስፍራ ቤቶች ተሠሩ። መጠጥ ቤት አልነበረበትም።

ፍሬው ግን ከየት ይመጣ ነበር? በ1900 አካባቢ ግማሽ ያህሉ የሚገዛው በአፍሪካ ምዕራብ ከምትገኘው፣ ፖርቱጋል ትገዛት ከነበረችው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ነው። ፖርቱጋል ባርነትን በሕግ ሽራ ነበር። ይሁን እንጂ በአንጎላ መሐል አገር ሰዎች እየተገዙ ወደ ባሕር ዳርቻ ይነዳሉ፤ እዚያ «ለአምስት ዓመት ለመሥራት ተስማምተናል» የሚል ውል ይጻፍላቸውና በመርከብ ይጫናሉ። ወደ አገሩ የሚመለስ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1904 መንገዱን የተከተለው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ኔቪንሰን እስረኞቹ የታሰሩበትን የእንጨት ግንድ በየመንገዱ ተጥሎ አየ።

የካድበሪ ቤተሰብ ወሬውን የሰማው ከዚያ በፊት ነው። በ1901 ዊልያም ካድበሪ ለሽያጭ የቀረበ የአንድ ሳኦ ቶሜ እርሻ ዝርዝር ደረሰው፤ ሠራተኞቹ ከሌላው ንብረት ጋር በዋጋ ተጽፈው ነበር። ሊዝበን ሄዶ ጠየቀ። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታገሡ አለው። በ1905 ጆሴፍ በርት የሚባል ኩዌከር ፖርቱጋልኛ ተምሮ እንዲመረምር ተላከ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ባርነት መሰከረ። ግዢው ግን የቆመው በመጋቢት 1909 ነው። ምክንያታቸው «እኛ ብንተው ሌላ ይገዛል፤ እየገዛን ግን ፖርቱጋሎችን መጫን እንችላለን» የሚል ነበር። ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን የስምንቱን ዓመት ዋጋ የከፈሉት ታገሡ የተባሉት ነጋዴዎች አይደሉም፤ ሳኦ ቶሜ ላይ ካካዎ የሚለቅሙት ናቸው።

በ1908 «ስታንዳርድ» የተባለ ጋዜጣ በካድበሪዎች ላይ አላገጠ። ጆርጅ ካድበሪ የራሱ ጋዜጣ ነበረው፤ «ዴይሊ ኒውስ» ይባላል። ይህ ጋዜጣ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ውስጥ በሚሠሩ ቻይናውያን ላይ የሚደርሰውን በደል አጥብቆ ያወግዝ ነበርና፣ «የእናንተስ ካካዎ?» ተባሉ። ድርጅቱ ስማችን ጠፋ ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ በ1909 መጨረሻ እዚያው በርሚንግሃም ተሰማ። የጋዜጣው ጠበቃ ኤድዋርድ ካርሰን ዊልያምን ምስክር ቦታ ላይ አቁሞ፣ ምን መቼ እንዳወቀ ደጋግሞ ጠየቀው። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ካድበሪ ረትቷል አሉ፤ ለተነካው ስሙም አንድ ፋርቲንግ፣ ማለትም የአንድ ፔኒ ሩብ፣ ካሣ ፈረዱለት።

ድርጅቱ ፊቱን ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና አዞረ። እዚያ ካካዎ የሚያለሙት በራሳቸው መሬት የሚያርሱ አፍሪካውያን ገበሬዎች ነበሩ። እርሻውን በማስፋፋት ስሙ የሚነሣው በባዝል ሚሲዮን ቀጥቃጭነት የተማረው ቴቴ ኳርሺ ነው፤ በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ዘር ይዞ ተመልሶ ማምፖንግ ላይ ተከለው። በ1911 ጎልድ ኮስት ካካዎ በማምረት ከዓለም ቀዳሚ ሆነች።