የአየር ማጥሪያ ጥንተ ነገር

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. የሎንዶን ከንቲባ መኖሪያ በሆነው በማንሽን ሐውስ ውስጥ የነበረው የችሎት አዳራሽ፣ ከመስኮቱ ሥር ከተሠራው የሕዝብ መሽኛ በሚነሣው ክፉ ሽታ የተነሣ፣ ዳኛውም ባለጉዳዩም አብረው የሚያማርሩበት ስፍራ ሆኖ ነበር። ጆን ስቴንሐውስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ግን፣ የእንጨት ከሰል በውስጡ ባሉት ረቂቃን ቀዳዳዎች የሚገማውን ተን ይዞ እንደሚያስቀር መርምሮ ደርሶበት ስለ ነበር፣ የደቀቀ ከሰል በሁለት የሽቦ ወንፊት መካከል ሞልቶ አየሩ በሚገባበት መንገድ ላይ አቆመው። የፋመ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ስንቱን ቤተ ሰብ በእንቅልፉ እንደ ቀጠፈ ለሚያውቀው ለአገራችን ሰው፣ ያው ከሰል ሳይለኮስ የአየር አንጻሒ መሆኑ ሳያስገርመው አይቀርም።

ነገር ግን ከሰል ሽታን ቢይዝም ለትቢያ እምብዛም አይሆንም። ይህን ጉድለት የሞላው አየርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ቲንደል ነው። ቲንደል በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርቱ ጨረር ሰድዶ ቢመለከት፣ በሣር ቤት ጣራ ሾልኮ በሚገባው የፀሐይ ጮራ ላይ ሕፃናት ሁሉ የሚያዩት ያ የሚርመሰመስ ብናኝ ጥሩ በሚመስለው አየር ሁሉ መልቶ አገኘው፤ በጥጥ ውስጥ ተጣርቶ ያለፈው አየር ግን፣ ብርሃኑን የሚመልስ አንዳች ብናኝ ስላልነበረበት፣ በጨረሩ መካከል እንደ ጽልመት ጠቁሮ ታየው። ከዚህም ተነሥቶ በ1871 ዓ.ም. በግሊሰሪን የራሰ ጥጥ፣ ኖራና ከሰል የተደራረበበትን የእሳት አጥፊዎች መተንፈሻ አዘጋጀ።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዛሬ በየሳሎኑ ቆሞ የሚያንጎራጉረው መሣሪያ በሐሳብ ደረጃ ያን ጊዜ ተፈጽሞ ነበር፤ የቀረው የጥጡን ስፍራ የሚወስድ ረቂቅ ማጥለያ ብቻ ነበር። እሱም የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በአሜሪካ የአቶም ቦምብ ሲሠራ መርዘኛው ትቢያ እንዳይበተን በተደረገው ድካም ነው። ኋላ ሄፓ የተባለው ይህ ማጥለያ፣ የሚሊሜትር ሺኛ ሢሶ ከሚያህሉ 10,000 ብናኞች ቢበዛ 3 ብቻ ያሳልፋል።

ሎንዶን ግን የራስዋን አየር በዚህ አላዳነችም። በታኅሣሥ 1952 ዓ.ም. የየምድጃው የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ በአምስት ቀን ውስጥ ከተማይቱን አፍኖ፣ በመጀመሪያው ግምት እንኳ 4,000 ያህል ነፍስ ካጠፋ በኋላ፣ ፓርላማው በ1956 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ጢስ የሚከለከልበት ቀበሌ እንዲከለል ፈቀደ፤ ለባለቤቱም ማጥሪያ በማደል ፈንታ ምድጃውን የሚለውጥበትን ገንዘብ ረዳው።