አንድ ውሃና አንድ ቅል

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከጅማ ተነሥተህ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ ብትወርድ፣ ግራና ቀኝ ይዞ የሚሸኝህ ደን ነው። ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናው አለ፤ ከቡናው አጠገብ ኮረሪማው አለ፤ ከዛፉም ላይ የማር ቀፎ ተሰቅሎ ታያለህ። ከሚዛን ወደ ቴፒ ብታልፍም ቡናው አይለይህም። በዚያ አገር በብዙ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው መጠጥ ከቡናው ቅጠል የሚፈላው ነው፤ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋራ አፍልተው በቅል ይሰጡሃል። ይህን ቅል አስታውሰው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ልምላሜ መራራ ታሪክ አለው። የከፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ከወደቀና ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ በኋላ፣ በጊሚራና በማጂ አገር የባሪያ ፍንገላ እጅግ በረታ። (ጊሚራ የዱሮው የውጭ ሰው አጠራር ነው፤ ሕዝቡ ራሱን ቤንች ይላል።) ሰው እንደ ከብት እየተነዳ ተሸጠ፤ ብዙ ሰው ይኖርበት የነበረው ቀዬ ዱር ሆነ። የባሪያ ንግድን የሚከለክል ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ላለ ሕዝብ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። እንግዲህ «እግዚአብሔር አንተንም ይወድሃል» ብሎ የሚነግረው ሰው ከየት ይምጣ? ቢመጣስ ማን ያምነዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ ባፕቲስት ስለሚባሉት ክርስቲያኖች ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ከማጥመቅ ጋራ የተያያዘ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ባፕቲስቶች ግን ሰው በራሱ አፍ «አምኛለሁ» ካላለ አይጠመቅም ይላሉ፤ ሲያጠምቁም መላ ሰውነቱን ውሃ ውስጥ ያጠልቁታል። የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ፤ እኔ የምመለከተው ከዚህ ነገር የተወለደውን ታሪክ ነው። እምነት በራስ አፍ የሚነገር ከሆነ፣ ንጉሥም ቢሆን ጌታም ቢሆን «እመን» ብሎ ሊያዝ አይችልምና። በእኛም አገር በዘመቻ የተያዘ ሕዝብ በገዥው ትእዛዝ በጅምላ የተጠመቀበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1609 ጆን ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ስደተኛ በአምስተርዳም በራሳቸው አፍ ያመኑትን ብቻ ማጥመቅ ጀመረ። ጓደኛው ቶማስ ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ በ1612 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በእርሱም ንጉሡ ሟች ሰው እንጂ አምላክ ስላልሆነ በተገዦቹ ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም፣ እስላሙም አይሁዱም ስለ እምነቱ መቀጣት የለበትም ሲል ጻፈ። ዋጋውን በወህኒ ቤት ተቀበለ፤ ከእስር ሳይወጣም ሞተ።

ብዙ ሰው የባፕቲስቶችን ሚሲዮን ታሪክ ሲነግርህ በ1793 ወደ ህንድ ከሄደው ከጫማ ሰፊው ከዊልያም ኬሪ ይጀምራል። እኔ ግን ከእርሱ 10 ዓመት ቀድሞ የሄደውን መንገር እወዳለሁ። ጆርጅ ላይል በአሜሪካ በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው ነበር። አምኖ ተጠመቀ፤ ጌታውም ነጻ አወጣው። ጌታው በጦርነት ሲሞት ግን ወራሾቹ እንደ ገና ባሪያ ሊያደርጉት ፈልገው አሳሰሩት፤ የነጻነት ወረቀቱን አሳይቶ ተፈታ። ከዚያ በኋላ የመርከብ ዋጋ ተበድሮ በ1783 ወደ ጃማይካ ደሴት ተሻገረ፤ ብድሩን በጉልበቱ ሠርቶ ከፈለ፤ በኪንግስተን ከተማም ለባሮች መስበክ ጀመረ። በዚያም ታሰረ፤ ጥፋት ስላልተገኘበት ተለቀቀ።

እውነቱን ላለመሸሸግ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የላይል ጉባኤ ባሪያን የሚቀበለው ጌታው ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ከወህኒና ከግርፋት ለመዳን የተደረገ መሆኑን መረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃው የሁሉ ሆኖ ሳለ የበሩ ቍልፍ በጌታው እጅ ቀረ። በ1831 በልደት በዓል ሰሞን ሳም ሻርፕ የተባለ ባሪያ፣ የባፕቲስት ጉባኤ ዲያቆን፣ ባሮቹ ያለ ደመወዝ አንሠራም እንዲሉ አስተባበረ፤ ነገሩም ወደ ዐመፅ ሆነና በ1832 ተሰቀለ። ከ2 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የባርነት መሻሪያ ሕጉን በሥራ ላይ አዋለ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ባፕቲስት የሚለውን ስም የያዙ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከወረራው በኋላ ሲሆን፣ ሥራቸውም በይበልጥ በአምቦ በኩልና በመንዝ ነበር። ወደ ቡናው አገር የዘለቀው ግን ስሙ ሌላ ሆኖ የጥምቀት ሥርዓቱ የባፕቲስቶችን የሚመስል ማኅበር ነው። ቀድሞ በሳዮና በጎሬ የሠራው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከጓደኞቹ ጋራ በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮንን ሥራ በወላይታ ሶዶ ጀመረ። እስከ ታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ድረስ አንድም ሰው አላጠመቁም፤ በዚያ ወር 10 ሰዎች ተጠመቁ። የኢጣልያ ጦር ሚሲዮናውያኑን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ።

ፈረንጆቹ ሲሄዱ ነገሩ ያከተመ መስሎ ነበር። ጠላት ጸሎት ቤቶችን አፈረሰ፤ ዋንዳሮ ዳባሮንና ሌሎቹን መሪዎች እያሰረ ገረፈ። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ዘመዱ ስንቅ ካመጣለት ነበርና፣ ምእመናኑ ለታሰሩት ሁሉ ምግብ ተሸክመው ይመላለሱ ጀመር፤ የሥጋ ዘመድ ላልሆነውም ጭምር። የአገሩ ሰው ይህን አይቶ ተደነቀ። ከድል በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10000 የሚገመት ምእመን አገኙ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ያህል ሰው የሳበው ከስብከቱ ይልቅ የስንቁ አገልግል ነው።

ከእነዚህ ጉባኤዎች የወጡት ወንጌላውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ፣ ቀጥሎም ወደ ከፋና ወደ ጊሚራ በእግራቸው ሄዱ። ስንቃቸውን ያዋጣ የነበረው የወላይታ ገበሬ ነው፤ የፈረንጅ ገንዘብ አልነበረም። በቅሎም ጠመንጃም የላቸውም። ደግሞም ወላይታ ራሱ በ1887 ዓ.ም. በጦር የተያዘ፣ ንጉሡ ጦና የተማረከበት አገር ነው። ስለዚህ ያ እንግዳን የሚፈራው የቤንች ሰው በደጁ የቆመውን ሲያይ፣ እንደ እርሱ የተሸነፈ ሕዝብ ልጅ፣ እንደ እርሱ እንሰት የሚበላ፣ መሬት ቈፍሮ የሚኖር ሰው አየ። ማታ ማታም ፊደል ያስቈጥር ነበር። ከላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። በየቦታው ባላባቱና ሹሙ ያሳስሯቸው ነበር፤ በኋላም በደርግ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምእመናኑ በየቤቱ ተሸሽገው ጸለዩ። ዛሬ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በቦንጋ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ጉባኤዎች በግልጽ ይሰበሰባሉ።

ከሹሙ ዱላ የባሰ ፈተና ግን ከውስጥ መጣ። በከፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ አባቶቻቸው በአደን፣ እነርሱም እንጨትና ከሰል በመሸጥ የኖሩ ናቸው። ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋራ አይበላም፣ አይጋባም ነበር። ማንጆው መንገድ ላይ ጌታ ሲያገኝ ዳር ወጥቶ «እኔ ልሙትልህ» እያለ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ ምግብ ሲሰጡትም በሳሕን ሳይሆን በቅጠል ነው። ክርስትና ሲሰበክ ማንጆዎች ሰሙ፤ ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው የሚለው ቃል ከማንም ይልቅ ለእነርሱ የምሥራች ነበርና ብዙዎቹ ገቡ። ይህ የሆነው በፕሮቴስታንቶቹ ብቻ ሳይሆን በካቶሊኮቹም ዘንድ ነው። እነርሱ ሲገቡ ግን ከጎናቸው መቀመጥ ያልወደዱ፣ ለብቻቸው መጸለይ የመረጡም ነበሩ።

ነገሩን ልብ ብለህ ተመልከተው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ መጠመቅ ላንዱም ለሌላውም አያስቸግርም፤ ውሃው ይፈሳል፣ ከማን በኋላ እንደ ገባህ አይታወቅም። ቅሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከንፈር ወደ ከንፈር ይተላለፋል። በጸሎት ቤት አብሮ የዘመረው ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ በጎረቤቱ ደጅ ሲያልፍ «ግባ፣ ቡና ጠጣ» ተብሎ እንደ ሆነ፣ የሚቀዳለትም በዚያው የቤቱ ሰው በሚጠጣበት ቅል እንደ ሆነ፣ ይህን የሚያውቁት ባለቤቱና እንግዳው ናቸው።