የወሊድ ሥርዓት በፓዌ ምድር

ስለ እናቶች ጤና የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሐኪም ቤት ይጀምራል። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ሐኪም ቤት ከመድረሷ አስቀድሞ፥ የት እንደምትወልድ፥ ማን እንደሚቀርባት፥ ከወለደችም በኋላ እንዴት እንደምትታረስ የአገሯ ልማድ ወስኖላታል። ሁለት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ጎን ለጎን የተገናኙባት የመተከሏ ፓዌ ይህን ለመመርመር የተመቸች ስፍራ ናት።

የበለስ ሸለቆ ነባር ነዋሪ ጉሙዝ ነው። በጉሙዝ ዘንድ የወሊድ ደም በቤት ውስጥ ቢፈስ በቤተ ሰቡ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ፥ ሴቲቱ ምጥ ሲይዛት ከቤት ወጥታ በዱር ወይም በወንዝ ዳር፥ ብዙውን ጊዜም ብቻዋን ትወልዳለች። ለሚያምኑበት ሰዎች ይህ ቤትን የመጠበቅ ግዴታ ነው፤ ሸክሙ ግን በእርሷ ላይ ይወድቃል፤ ደም ቢበዛባት የሚደርስላት የለምና።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በድርቅ የተጎዳውን የወሎን ሕዝብ፥ ከደቡብም የከምባታንና የሐድያን ሰዎች፥ በጠቅላላው 80,000 ያህል ሕዝብ በዚህ ሸለቆ አሰፈረ። በ1978 ዓ.ም. በኢጣልያ መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ሥራ ተጀመረ፤ የፓዌ ሆስፒታልም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ነባሩ ሕዝብ ግን ከእርሻውና ከአደኑ ተገፋ። ደኑም ሲመነጠር ለምጥ የሚሸሸጉበት ዱር እንደ ጠበበ መገመት አያስቸግርም።

ከወሎ የመጣችው ሴት በአንጻሩ በቤቷ፥ በጎረቤት ሴቶችና በልምድ አዋላጅ ተከብባ ትወልድ ነበር። ክርስቲያኖቹ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ፤ በተገላገለችም ጊዜ እልልታው ይሰማል፥ ገንፎው ይገነፋል። ይሁን እንጂ ወንድ የወለደች እስከ 40፥ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እንግዲህ ስለ ወሊድ ደም የሚጠበቅ ክልከላ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ልዩነቱ ክልከላው በቆመበት ደጅ ላይ ነው፤ በአንዱ ዘንድ በመኖሪያ ቤት፥ በሌላው ዘንድ በቤተ መቅደስ።

በ1995 ዓ.ም. ገደማ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ለሁሉም የተነገረው ምክር «በቤት አትውለዱ» የሚል ነው። ሰፋሪቱ ይህን ስትሰማ ከጎረቤቶቿና ከገንፎዋ የምትለይ ይመስላታል። ለጉሙዟ ሴት ግን ከቤት ውጭ መውለድ የእናቷ ሕግ ነው፤ የሚጎድላት አጠገቧ የሚቆም አዋላጅ ነው። ስለዚህ አንዱ ቃል በሁለት ጆሮ ሁለት ትርጉም አለው።

በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የእናቶች ማቆያ ለዚህ መልካም አብነት ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች። እንዲህ ያለው ቤት የማንም መኖሪያ ስላልሆነ የጉሙዝን ክልከላ አያፈርስም፤ ገንፎና ቡና ቢፈቀድበትም ሰፋሪቱ ማኅበሯን አታጣም።

በመላው ኢትዮጵያ በ100,000 ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ግምት በ1992 ዓ.ም. 871፥ በ2008 ዓ.ም. 412 ነበረ። ቁጥሩ በግማሽ ያህል ቢቀንስም ገና ብዙ ነው። የቀሩትን ለማዳን የሚሻ ሁሉ መድኃኒቱን ከማቅረቡ ጋር የእያንዳንዱ ሕዝብ ክልከላ በየትኛው ደጅ እንደ ቆመ አስቀድሞ ይጠይቅ።